ትልቅ ጎማ፣ የድሮ ዲፈረንሻል፣ የሚሸት ፍሪሲዮን

ጥያቄው ባጭሩ፦ ባለ 5 ማርሽ ናፍታ ፒክ አፕ ነው። ከፋብሪካ የመጣው በ265/70/16 ጎማ (ወርዱ 265 ሚሊ፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች) ሲሆን ባለቤቱ 315/75/16 አስገባበት። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ሲነሳና ሽቅብ ወደ ኋላ ሲሄድ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው) ይሸታል፤ አምስተኛ ማርሽ ደግሞ ትንሽ ነፋስ ሲገጥመው ይዝላል። አንዱ ጋራዥ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ቀየረው፤ ሌላው «ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድ» አለ። ዲፈረንሻሉ 4.10 ነው፤ ማለትም ከማርሹ የሚመጣው ዘንግ 4.10 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ሳይነካ መኖር ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ ሞተሩን አታስወርድ። በሦስተኛ ማርሽ ደህና ይጎትታል፣ ጭስም የለውም ብለሃል። የደከመ ሞተር ማርሽ አይመርጥም፣ በሁሉም ይደክማል። ሽታውም የሚመጣው ስትነሳና ሽቅብ ወደ ኋላ ስትሄድ ብቻ ነው። የኔ ጥርጣሬ አንደኛ ማርሽህ ለዚህ ጎማ ከብዶታል፣ መኪናው እስኪነቃነቅ ድረስ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘህ ታቆየዋለህ የሚል ነው። ለማረጋገጥ ሞተሩን አሙቀህ፣ ሜዳና ጭር ያለ መንገድ ላይ፣ በአራተኛ ማርሽ 1500 ዙር አካባቢ ሆነህ ነዳጁን እስከ ታች ርገጥ። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሁለቱም አብረው ቀስ እያሉ ከወጡ ፍሪሲዮኑ ይዟል፤ ጉዳዩ የጎማው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ ታገሰኝ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው ይህችን ባለማስላቱ ነው። 265 በ0.70 ሲባዛ 185.5 ሚሊ ይመጣል፤ የጎማው ጎን ቁመት ነው። ከላይና ከታች ስላለ እጥፍ አድርገህ 406 ሚሊ (16 ኢንች) ቸርኬ ጨምርበት፦ 777። አዲሱን እንዲሁ ስትሠራው 879 ይመጣል። ልዩነቱ 13 በመቶ ነው። ሞተሩ እስከ አክሱሉ የሚያደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከአክሱሉ መሃል እስከ መሬት ያለው ርቀት ነው። ባልዲ በአጭር ዱላ ጫፍ አንጠልጥለህ አንሳ፣ ከዚያ ያንኑ ባልዲ በረጅም ዱላ ሞክረው፤ የእጅ አንጓህ ይነግርሃል። ስለዚህ 4.10 ብለህ የምትጠራው ዲፈረንሻል ዛሬ መሬት ላይ እንደ 3.63 ነው የሚሠራው። የአምስተኛ ማርሽህ ሬሾ 0.85፣ የአራተኛው ደግሞ 1 አካባቢ ከሆነ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀድሞ 2400 ዙር ግድም ይዞርህ የነበረው ሞተር አሁን 2100 ላይ ይቀመጣል። ነዳጅ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ግን ሞተሩ ጉልበቱ በሳሳበት ቦታ ስለሚጎተት ነዳጅ ትጨምርለታለህ። አራተኛውን ብትይዝ 2475 ያህል ነው፣ ማለትም ከድሮው አምስተኛ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ አራተኛውን እንደ ዋና የመንገድ ማርሽህ ቁጠረው፣ አምስተኛውን ለሜዳና ለቀላል ጭነት ተወው።

ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትሄድና ከባድ ነገር ስትጎትት፣ መሬቱ አፈር ወይም ጠጠር ከሆነ ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በዝቅተኛ ማርሽ የሚያዞረውን) አስገባ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይደረግም፤ ጎማዎቹ መንሸራተት ስለማይችሉ ማርሹን ጠምዝዘው ያስጨንቁታል።

ሁለቴ ስለተቀየረው ፍሪሲዮን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ፍላይዊሉን (የፍሪሲዮኑ ዲስክ የሚጣበቅበትን፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ብረት) ያየው አለ? በሙቀት ሰማያዊ ነጠብጣብ የያዘ ፍላይዊል ሳይላግ አዲስ ዲስክ መግጠም ዲስኩን መጣል ነው። በርካሽ የተገዛ ዲስክ ዲስኩን ከሚጫነው ከአሮጌ ፕሬዠር ፕሌትና ከአሮጌ ኩሽኔታ ጋር ማጋባትም እንዲሁ። ፔዳሉን ደግሞ በጣትህ ተጫነው፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ ጨዋታ ሊኖረው ይገባል። ከሌለ የላይኛው ፓምፕ ዘይቱን አይመልስም፤ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተረገጠ ይቀራል፣ በዚህ ብቻ አዲስ ዲስክ ያልቃል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር። ፍሬን! ያው ዱላ ፍሬኑም ላይ ረዝሟል፤ በዚያው ርግጫ መሬት ላይ የሚደርሰው የመያዝ ኃይል 12 በመቶ ያህል ቀንሷል። ኮንታኪሎሜትሩም ይዋሽሃል፦ 100 ሲልህ ወደ 113 እየሄድክ ነው፣ ይህም ፍሬኑ የሚያጠፋውን ጉልበት ከሩብ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ትክክለኛውን ፍጥነት በስልክ ጂፒኤስ አመሳክረህ እወቅ። ረጅም ቁልቁለት ላይ የሞተሩ መያዝም ስለቀነሰ ድሮ በሦስተኛ የምትወርደውን በሁለተኛ ውረድ።

ፓራፋንጎውን በግራይንደር ቆርጠው፣ በጎማውና በሃቡ (ጎማው በቡሎን በሚታሰርበት) መሃል ስፔሰር ጨምረው «ተስተካክሏል» ብለውሃል። ጠርዙ ስለት ሆኖ ከቀረ ጎማውን ይበላል። ስፔሰሩ ከሃቡ መሃል ጋር በልክ የማይገጥም፣ በቡሎኖቹ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ርካሽ ነገር ከሆነ አውልቀህ ጣለው። መሪውን እስከ ጫፍ ግራና ቀኝ አዙረህ፣ መኪናውንም በክሪክ አንስተህና በካቫሌቶ ደግፈህ ጎማው ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው እንዳይነካና እንዳይወጠር ተመልከት። የተፋቀ ቱቦ ካየህ ያን ዕለት ቀይረው፣ በላዩ ፕላስተር ጠቅልለህ አትሂድ።

ልብህ ከፈቀደ ወደ 285/75/16 ውረድ፦ 834 ሚሊ ነው፣ ልዩነቱ ከ13 ወደ 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑም ይተነፍሳል። ባዶ የምትነዳ ከሆነ በያዝከውም መኖር ትችላለህ። ሁልጊዜ የምትጭን ወይም የምትጎትት ከሆነ ግን 4.56 ዲፈረንሻል መግዛት አይቀርልህም፤ የፊትና የኋላ ባንድ ላይ። አንዱን ብቻ ቀይሮ ፎር ዊል ማስገባት ማርሹን መስበር ነው። ከዲፈረንሻሉ በፊት ግን ፍሬኑን አሠራ።

መለዋወጫ ጎማህም የድሮው ልክ ከሆነ እሱን ይዘህ ፎር ዊል አታስገባ። ኋላ ከተነፈሰብህ የፊት አንዱን ወደ ኋላ አምጣና ትንሹን ፊት አስገባው፤ በዚያም ላይ ቀስ ብለህ እስከ ጎሚስታው ድረስ ብቻ።