ደረሰኝ የሌለው ቤተሰብ በምን ያስረዳል?

ጥያቄ፦ ናዚዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘረፏቸውን ሥዕሎች የባለቤቶቹ የልጅ ልጆች ዛሬም እንደሚጠይቁ አነበብኩ። ቤታቸው ተዘርፎ፣ ዘመዶቻቸው አልቀው፣ በምን ያስረዳሉ? ካገኙት በኋላ የሚሸጡትስ፣ ነገሩ ለገንዘብ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ስለዚህ ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ማስረጃው የሚገኘው ከዘራፊዎቹ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በናዚ ጀርመን ከ5,000 ራይሽማርክ (የያኔው የጀርመን ገንዘብ) በላይ ሀብት ያላቸው አይሁዶች ንብረታቸውን እንዲያስመዘግቡ ታዘዙ። ያ ቅጽ ያኔ ለዝርፊያ መንገድ ከፈተ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው «ይኸው፣ የአያታችን ነበር» የሚሉት እሱኑ ይዘው ነው።

ናዚዎች በያዟት ፓሪስም እንዲሁ። የተዘረፉት ሥዕሎች ዡ ደ ፖም በተባለው ሙዚየም ተከማችተው ምልክት ይደረግባቸው ነበር። ሮትሺልድ ከተባለው ባለጸጋ ቤተሰብ የተወሰዱት «አር» የሚል ፊደልና ቁጥር ነበራቸው። እዚያው ትሠራ የነበረችው ሮዝ ቫላንድ ሥዕሎቹ ወዴት እንደሚጫኑ በድብቅ ትጽፍ ነበር። ሕይወቷን አስይዛ! አጣሪዎች ሥዕሉን ገልብጠው ጀርባውን የሚያዩት እንዲህ ያለ ምልክት ፍለጋ ነው።

አንዳንዴ ክርክሩ በአንዲት ቃል ላይ ይቆማል። ኦስትሪያዊው ሠዓሊ ክሊምት በ1907 አዴል ብሎህ-ባወር የተባለች የቪየና ሴት ሣለ። አዴል በኑዛዜዋ ባሏ ሲሞት ቤታቸው የነበሩትን የክሊምት ሥዕሎች ለመንግሥት ሙዚየሙ ለኦስትሪያ ጋለሪ እንዲሰጥ ጠየቀችው። የኦስትሪያ መንግሥት በዚህች ወረቀት ዓመታት ተሟገተ። ወረቀቱን ላነበበው ግን «እለምናለሁ» እንጂ «አዝዣለሁ» አይልም። ሥዕሎቹም የባሏ ነበሩ፤ እሱ ደግሞ በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ ንብረቱን ተቀምቷል። የእህቷ ልጅ ማሪያ አልትማን እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች። በ2006 የቪየና ገላጋይ ዳኞች አምስት ሥዕሎች ፈረዱላት። 89 ዓመቷ ነበር።

አዎ፣ ሥዕሎቹ ተሸጡ። እኔ ግን ጥፋት አይታየኝም። ወራሾቹ ብዙ ናቸው፣ ሥዕል ደግሞ ተቆርጦ አይካፈልም። ደግሞስ ሰው የራሱን ቢሸጥ ምን አለበት?

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ1998 ዋሽንግተን ላይ 44 አገሮች ፍትሐዊ መፍትሔ እንፈልጋለን ብለው ተስማሙ። ስምምነቱ ግን አስገዳጅ አይደለም። ሙዚየሙ እምቢ ካለ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚያም ስንቱ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ተመልሷል።