«ከመቶ ሰባ» ያመጣው በማን ፈተና ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ ስሆን፣ የምንሠራው የሠራተኞች ደመወዝና የአገልግሎት ዘመን የሚያሰላ ሥርዓት ነው። ኮድ የሚጽፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት ልንገዛ ስንል ሻጩ «ስዊ-ቤንች ቬሪፋይድ በተባለው ፈተና ከመቶ ሰባ በላይ አምጥቷል» አሉን። ከአሥር ሥራ ሰባቱን ይጨርስልናል ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይደለም። ስዊ-ቤንች እ.ኤ.አ. በ2023 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት ይፋ የሆነ ፈተና ሲሆን፣ 2,294ቱ ጥያቄዎቹ በሙሉ የተወሰዱት ኮዳቸው ለማንም ክፍት ከሆነና ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከተጻፉ 12 ፕሮጀክቶች ነው። ኤጀንቱ የችግሩን መግለጫና ችግሩ ከመፈታቱ በፊት የነበረውን ኮድ ይቀበላል፤ ማስተካከያው አለፈ የሚባለውም ይወድቁ የነበሩት ቴስቶች (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ አጫጭር ፕሮግራሞች) ሲያልፉ፣ ያልፉ የነበሩትም ሳይበላሹ ሲቀሩ ነው። «ቬሪፋይድ» የሚባለው ደግሞ በ2024 የወጣ ሲሆን፣ መግለጫቸው የተድበሰበሰና ቴስታቸው አግባብ ያልሆነ ጥያቄዎች በባለሙያዎች ተለይተው ከወጡ በኋላ የተመረጡ 500 ጥያቄዎችን የያዘ ነው።

ፈተናው በቁም ነገር የተሠራ ነው፤ ችግሩ ከእርስዎ ቤት መራቁ ነው። ከ500ዎቹ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጃንጎ ከተባለው አንድ ፕሮጀክት የመጣ ነው። መልሶቹም ለዓመታት በይፋ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ኤጀንቱ የሚሠራበት ሞዴል ሲሠለጥን አይቷቸው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፈተናውን ከራስዎ ሥራ ያውጡት። ባለፈው ዓመት ቡድንዎ ፈትቶ ከዘጋቸው ችግሮች ሠላሳ ያህሉን ይምረጡና ለእያንዳንዱ ኮዱን ወደነበረበት ይመልሱ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚያስቀምጥ መሣሪያ) ታሪክ ግን ፈጽሞ ያጥፉት፣ አለዚያ ኤጀንቱ መልሱን ከዚያው ሊያነብ ይችላል። ውጤቱ በየጊዜው ስለሚለያይ እያንዳንዱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያሠሩት። ቴስቶችዎንም አስቀድመው ይመርምሩ፦ ዓመትን አሥራ ሁለት ባለ ሠላሳ ቀን ወራት አድርጎ የሚቆጥር ኮድ፣ ጳጉሜን የሚነካ ቴስት እስከሌለ ድረስ ሁሉንም አልፎ የሠራተኛን አገልግሎት በየዓመቱ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያጎድላል። ይህ የሰው መብት ነውና ቴስት ያለፈውን ኮድ ሁሉ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው መስመር በመስመር ያንብበው።

ያነበበበትንም ሰዓት ይመዝግቡ። ሜትር (METR) የተባለ የምርምር ድርጅት በ2025 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች በሚያውቁት ኮድ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ሲሠሩ የፈጀባቸው ጊዜ ከመቶ 19 ጨመረ፤ እነሱ ግን ሥራቸው ከመቶ 20 እንደፈጠነ ያምኑ ነበር። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፤ ሆኖም «ፈጠነልን» የሚለውን የቡድንዎን ስሜት በሰዓት ሳያረጋግጡ ውል እንዳይፈርሙ አጥብቄ እመክራለሁ። ሻጩም ለዚህ ሙከራ ሁለት ሳምንት እንዲሰጡዎት ይጠይቋቸው።