«ገንዘቤ እዚህ ሊያድር ነው?»

ልጆቼ፣ በቀደም አንዲት ተማሪ «እማማ፣ ኦሪት ለበግና ለእርሻ የተጻፈ ነው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። ለእኔ ምን ይለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት። እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። መልሱን ያገኘሁት ደግሞ ምኩራብ ውስጥ ሳይሆን ደመወዝ ክፍል ነው።

እስራኤል የገባሁት እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ባጓጓዘው በሰለሞን ዘመቻ ነው። ሒሳብ አያያዝ ተማርኩና የጽዳት ሠራተኞች የሚያቀርብ አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። አንድ ሐሙስ ቢሮ ልንዘጋ ስንል አንድ የጎንደር አባት መጡ። የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀታቸው ላይ የአለቃቸው ፊርማ የለም። ቼካቸው ግን ተጽፎ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ለአለቃቸው ደውዬ ላረጋግጥ ብል አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አልደወልኩም፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። «አባባ፣ የሥራ ሳምንቱ እሑድ ሲጀምር ይምጡ» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ «ታዲያ ገንዘቤ እዚህ ሊያድር ነው?» አሉ።

ሳቄ መጣ። ቼክ ደግሞ ያድራል እንዴ!

ቆይቶ ስለ ደመወዝ ሕግ ኮርስ ተላክሁ። መምህሩ እ.ኤ.አ. የ1958ቱን የእስራኤል የደመወዝ ጥበቃ ሕግ ሲያስረዳ፣ የዘገየ ደመወዝ በዕብራይስጥ «ሃላናት ሳኻር» እንደሚባል ነገረን። ደመወዝን ማሳደር ማለት ነው። ቃሉ የተወሰደው ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ነው፦ የቅጥር ሠራተኛ ዋጋ እስኪነጋ አንተ ዘንድ አይደር። እዚያው ወንበሬ ላይ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ለካ ሰውዬው ኦሪት ነው የጠቀሱልኝ! ቄሱ በግእዝ አንብበው በአማርኛ ሲፈቱ በጆሯቸው ይዘውት የመጡትን ቃል፣ እኔ ዲፕሎማ ይዤ አልሰማሁትም።

ያን ምዕራፍ ሙሉውን አንብቡት። በግና እርሻ አለበት፣ አልዋሽም። ግን ስለ ሚዛን፣ ስለ ሐሜት፣ ስለ ፍርድም ይናገራል። «በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታድርግ» የሚለውን የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ሲተረጉሙት፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው የሚጎዳውን ምክር መስጠትንም ጨመሩበት። ይሄ እኛ ሰፈር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ዕብራይስጥ የማያነቡ እናት ፊት አሥር ገጽ የብድር ውል ዘርግቶ «እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ» ማለት ነው። ስንቱን አየሁ! ከእናንተ ባንክና ኢንሹራንስ የምትሠሩ አላችሁ። ያቺ እናት የምትጠይቀውን ስለማታውቅ ሳትጠይቃችሁ ንገሯት።

አገር ቤት ሳለን ታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ሊቃውንት በኦሪት ሕግ ላይ የተወያዩበት መጽሐፍ፣ አልነበረንም። የነበረን ኦሪትና ቄሶቻችን ናቸው። እዚህ ስንመጣ ይሄን እንደ ጉድለት የቆጠሩብን ነበሩ፤ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁንም አልፎ አልፎ ይከፋኛል። ቢሆንም በሃምሳ ዓመቴ ማጥናት ጀመርኩ። ያልጠበቅሁትም ገጠመኝ፤ መጽሐፉ የሱቅና የገበያ ጉዳይ ሞልቶበታል። ሰው በሰማይ ለፍርድ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስትሸጥ ስትገዛ ታማኝ ነበርክ ወይ?» ተብሎ ነው ይላል። ሒሳብ ሠራተኛን እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ ይነሳል።

የታልሙድ መሠረት የሆነው ሚሽና ደግሞ የመግዛት ሐሳብ ሳይኖርህ ባለሱቁን «ስንት ነው?» አትበለው ይላል። ከንቱ ተስፋ መስጠት ነዋ! ጫማ በአንድ ሱቅ ለክታችሁ፣ ልጁን አምስት ሳጥን አስወርዳችሁ፣ ከዚያ በስልክ የምታዙት እናንተን ነው የምለው። (የገዛ ልጄም አለበት።)

ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ደግሞ እንደ ደም ማፍሰስ ይቆጠራል። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ያፈረ ሰው ፊት ላይ ቅላቱ ሄዶ ንጣት ይመጣል ይላሉ። የእኛ ፊት አይነጣም እንዳትሉኝ፤ «ፊቱ አመድ መሰለ» እንል የለ? ባለፈው በቤተሰብ ዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ አንዷ ልጅ ፈተና መውደቋ ተለጠፈ፣ የሳቅ ምልክቱም ዘነበ። ማንም ፊቷን አላየም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግሩፑ ላይ አንድ ቃል አልጻፈችም። እኔ ራሴ እስክደውልላት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ስለ ሰንበት ብዙ አልልም፤ ስልክ ለማጥፋት ምክንያት ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ የለም።

አባባ እሑድ ጠዋት ከእኔ ቀድመው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ፊርማውን አስፈርመው መጥተዋል። ቼኩን ሰጠኋቸው፤ ለሁለት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱትና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለውኝ ወጡ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ሦስት ሌሊት እኔ ጋ አድሯል።