መልስ፦ ከእንጦጦ ቀጥሎ ወጨጫን ልውጣ?

እህቴ፣ እንጦጦ ፓርክን ሳይደክምሽ እንደምትዞሪ ነግረሽን፣ ወጨጫ ተራራን በእግር ከሚወጣ ቡድን ጋር ልመዝገብ ወይ ብለሻል። እኔ ብሆን መጀመሪያ መናገሻ ሱባ ጫካ የሚሄድ ቡድን እፈልጋለሁ። ጫካው እዚያው ወጨጫ ተዳፋት ላይ ነው። ጥላ አለው፤ አጭርም ረጅምም መንገድ መምረጥ ይቻላል። የጥዱና የኮሶው ዛፍ ደግሞ ድካም ያስረሳል!

አዘጋጆቹ የኪሎ ሜትሩን ብዛት ሲነግሩሽ በዚያ ብቻ አትወስኚ። ሽቅቡስ ስንት ሜትር ነው በያቸው። አዲስ አበባ ራሷ መሃል ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የወጨጫ ጫፍ ግን ከ3,300 ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሜዳ ላይ የለመድሽው ፍጥነት አይሠራም።

ከሁሉ በላይ ከኋላ ማን እንደሚሄድ ጠይቂ። ብዙ ቡድን ውስጥ ፈጣኖቹ ቀድመው ወጥተው ቁጭ ይላሉ። አንቺ እያለከለክሽ ስትደርሺ "በሉ እንነሳ" ይባላል። እነሱ አርፈዋል፣ አንቺ ግን ውሃ እንኳ አልጠጣሽም። ጀማሪን የሚጥለው ይሄ ነው። ጥሩ ቡድን መጨረሻ ላይ የሚሄድ መሪ አለው፤ ዘግይቶ የደረሰውም ሳያርፍ አይነሳም። ጫፍ ባይደረስም በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ቀድመው ይናገራሉ።

"ማንም ሰው ይችለዋል" ብቻ ካሉሽ፣ ሌላ ቡድን ፈልጊ።

ክረምት ላይ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፣ ያንሸራትታል። ለመጀመሪያ ጊዜሽ ጥቅምት ወይ ኅዳር ይሻልሻል። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጊ፣ ውሃ በደንብ ያዢ።