ለብርሃን አንቴና ፒኤችዲ ለምትዘጋጂው እህት፦ ክሮሚየሟን እንዳትረሺ

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ባቡር ውስጥ ነው ያነበብኩት። «ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ጨርሻለሁ፣ አንቴና በደንብ ተምሬያለሁ፣ ጀርመን ውስጥ በብርሃን አንቴና ላይ ፒኤችዲ አግኝቻለሁ። እስክሄድ 3 ወር አለኝ፣ በምን ልጀምር? ሲሙሌሽን ብቻ ይበቃኛል ወይ?» ነው ያልሽው። (ለሌሎቻችሁ፦ የብርሃን አንቴና ማለት በሬዲዮ ሞገድ ፋንታ ብርሃንን የሚቀበልና የሚልክ በጣም ትንሽ የብረት አንቴና ነው፤ ሲሙሌሽን ደግሞ ከመሥራት በፊት በኮምፒውተር መሞከር።) እኔም «አንቴና በደንብ ተምሬያለሁ» ብዬ ነበር የመጣሁት። ጉዴም የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

1ኛ. የሬዲዮውን ቀመር ለጊዜው አስቀምጪው። ኤፍኤም 100 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር፣ ዳይፖሉ (ቀላሉ የዘንግ አንቴና) የሱ ግማሽ፣ 1.5 ሜትር። ይሄን ተኝተሽም ታውቂዋለሽ። እኔ ደግሞ የሂሊየም ኒዮን ሌዘሩን የሞገድ ርዝመት፣ 633 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው)፣ ለሁለት አካፈልኩና በመጀመሪያው የቡድን ስብሰባ «316 ናኖሜትር የወርቅ ዘንግ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ አቀረብኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሱፐርቫይዘሬ ጨዋ ሰው ስለሆነ ምንም አላለኝም፤ ማታ የፊዚክስ ሊቁን የኖቮትኒን የ2007 ጽሑፍ ላከልኝ፣ የብርሃን አንቴና ርዝመት እንዴት እንደሚሰላ የሚያሳየውን። ለሬዲዮ ሞገድ ብረት ግድግዳ ነው። ለብርሃን ግን ወርቅ ግድግዳ አይሆንም። ብርሃኑ 30 ናኖሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ዘንጉ ላይ የሚሄደው ሞገድም አየር ላይ ካለው በጣም ያጥራል። የኔ ዘንግ መጨረሻ ላይ መቶ ናኖሜትር ገደማ ሆኖ አረፈው።

2ኛ. ሲሙሌሽን አሁኑኑ ጀምሪ። ሚፕ የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ኤምአይቲ የተሠራ። ወርቅ ለብርሃን ምን ምላሽ እንደሚሰጥ ለማስገባት የጆንሰንና የክሪስቲን የ1972 ልኬት ትጠቀሚያለሽ። አንድ ዘንግ ለሊቱን ሙሉ ላፕቶፕሽን ቢያስጮኸውም ይጨርሰዋል። ግን እዚህ ጋ ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ፣ ምክንያቱም እኔ ወደ 5 ወር የሚጠጋ ጊዜ ያቃጠልኩት እዚህ ነው።

ሲሙሌሽኔ ያምር ነበር። ዘንጉ ለየትኛው የሞገድ ርዝመት አብልጦ እንደሚመልስ የሚያሳየው ግራፍ 633 ላይ ሹል ያለ ጉብታ አለው። ችግሩ ወርቄ አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚታየው። እውነተኛው ወርቅ መስታወት ላይ ይቀመጣል። ወርቅና መስታወት ደግሞ አይዋደዱም፤ ፕላስተር ለጥፈሽ ብታነሺው ተላጦ ይመጣል። ስለዚህ ከወርቁ በፊት ስስ ክሮሚየም ወይም ታይታኒየም ይረጫል። የኛ ክሊን ሩም (አቧራ የማይገባበት ላብራቶሪ) ውስጥ 5 ናኖሜትር ክሮሚየም የተለመደ ነው። የተለመደ ስለሆነም ማንም አልነገረኝም።

ሥራውን ግን ወድጄው ነበር። መስታወቱን ፕላስቲክ ነገር ቀብተሽ የኤሌክትሮን ጨረሩ ሲጽፍበት ያድራል። ከዚያ ወርቁ ይረጫል፣ ከዚያ አሴቶን ውስጥ ይገባል። የማይፈለገው ወርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብድግ ብሎ ሲንሳፈፍ ያየሁ ቀን ለእናቴ ደወልኩ። «ወርቅ ነው እንዴ የምትሠራው? ፒያሳ ሱቅ ልትከፍት ነው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ ወርቅ ሠሪው እባላለሁ።

ልኬቱ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ጉብታው ከ700 አልፎ ሄዷል። ሹልነቱ ጠፍቶ እንደ ደከመ ኮረብታ ተዘርግቷል። ሦስት ሳምንት ስፔክትሮሜትሩን (ብርሃኑን በሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚለካውን መሣሪያ) ስወቅስ ከረምኩ። ፋይበር ቀየርኩ፣ ሌንስ ጠረግኩ። በስተመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን ቡና እየጠጣ «ክሮሚየሙን አስገብተኸዋል?» አለኝ። «የቱን ክሮሚየም?» አልኩት። ሳቀ። መስታወቱ ጉብታውን ወደ ቀይ፣ ማለትም ወደ ረጅሙ ሞገድ ይጎትተዋል፣ ክሮሚየሙ ደግሞ ጉልበቱን ይበላዋል። ሁለቱንም ሲሙሌሽኑ ውስጥ ሳስገባ የለካሁት ኮረብታ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

እንደገና መሥራት ማለት ደግሞ የክሊን ሩሙን ማሽን ቀጠሮ መያዝ ማለት ነው። ማሽን የምታስይዘው ሴትዮ ጋ ልምጣልሽ። ከሁለት ቀን በፊት ካልሰረዝሽ ሙሉውን ትከፍያለሽ። እኔ 10 ሰዓት ላይ ሰረዝኩ፣ ቢሮው ለካ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሄጄ ላስረዳት ስሞክር ቀና ብላም አላየችኝ። «ደንቡ በሩ ላይ ተለጥፏል» አለች። ተለጥፏል፣ እውነት ነው። በጀርመንኛ፣ ከእሳት ማጥፊያው ጀርባ። ሂሳቡ ለቡድናችን መጣና ስሜ ስብሰባ ላይ ተነበበ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሁለተኛው ዙር ላይ ክሮሚየሙን ትቼ ባንዱ ጫፉ መስታወቱን፣ በሰልፈር ጫፉ ወርቁን የሚይዝ ሞለኪውል ተጠቀምኩ። ጉብታው ሹል ሆነ። ደግሞ አንድ ርዝመት ብቻ አትሥሪ። ከ80 እስከ 150 ናኖሜትር በ5 በ5 እየጨመርሽ ደርድሪ፤ አንዱ ይመታልሻል።

3ኛ. ስለ 2009ኙ ቦውታይ (ቢራቢሮ ክራቫት የሚመስል የወርቅ አንቴና) አንብበሽ ይሆናል፣ የአንድ ሞለኪውልን ብርሃን 1,340 ጊዜ ያጎላውን። እሱን አይተሽ ሞለኪውሉን ወርቁ ላይ ልለጥፍ እንዳትዪ። በጣም ከተጠጋ ጉልበቱን ወርቁ ወስዶ ሙቀት ያደርገዋል፣ ሞለኪውሉም ይጨልማል። ያ የ2009ኙ ሞለኪውል፣ ማለትም ቀለሙ፣ ደግሞ ብርሃን ሲሰጥ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር፤ ደካማ ስለነበር ነው ጭማሪው እንዲህ የገነነው።

4ኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ቪዛ ነበር፣ እሱን ሌሎቹ ነግረውሻል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ኢንጂነር በመሆንሽ እንዳታፍሪ፣ እዚህ ሁሉም ፊዚክስ ነው የተማረው። ባርሴሎና ውስጥ በ2010 የወርቅ ያጊ-ኡዳ አንቴና ሠርተው የኳንተም ዶትን (ብርሃን የሚሰጥ ደቃቅ ክሪስታል) ብርሃን ባንድ አቅጣጫ ልከዋል። የኛ ቡድን ያንን ሲወያይ ሪፍሌክተሩ (ከኋላ ሆኖ ሞገዱን ወደ ፊት የሚመልሰው ዘንግ) ለምን ረዘም እንደሚል ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ያጊ ማለት እኮ ጣሪያችን ላይ የነበረው የኢቲቪ አንቴና ነው። ወንድሜ ላይ ሆኖ እያዞረ «አሁንስ?» ሲል፣ እኔ ከታች «ትንሽ ወደ ግራ!» ስል ነው ያደግኩት።

የመጀመሪያ ሲሙሌሽንሽን ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ከሥሩ ምን እንዳስቀመጥሽ አያለሁ። አሁን ልሂድ፤ 8 ሰዓት ላይ የማሽን ተራዬ ነው፣ አምስት ደቂቃ ከዘገየሁ ያቺ ሴትዮ አትምረኝም።