ድምፁ አልቆ አፉ ለምን ማውራቱን ይቀጥላል?

ጥያቄው የመጣው የሚዲያ ተማሪዎችን ከሚያስተምሩ አንዲት መምህርት ነው። ተማሪዎቻቸው ስለ ፕላጃሪዝም፣ ማለትም የሰውን ሥራ የራስ አስመስሎ ስለማቅረብ፣ አንድ ደቂቃ የምትናገር የካርቱን ልጅ ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር እየሠሩ ነው። ስክሪፕቱ ለሁሉም ቡድን አንድ ነው፤ ድምፁን ግን እያንዳንዱ ቡድን ራሱ ይቀዳል። የአንደኛው ቡድን ሥራ ሲጀምር አፉና ድምፁ ይገጥማሉ። እየቆየ አፉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ድምፁ ካለቀም በኋላ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ይንቀሳቀሳል። አንድ "ባለሙያ" መጥቶ ድምፁን ስቦ አስረዘመላቸው። አሁን የልጅቷ ድምፅ ወፍሯል፤ አፏም የምታኝክ ያስመስላታል። በዚያ ላይ የሁለት ቡድኖች ሥራ ከልክ በላይ ተመሳስሏል። ተማሪዎቹ "ስክሪፕቱ አንድ ስለሆነ ነው" ይላሉ። መምህርቷ የሚጠይቁት፦ ኮምፒውተሩ አቅም አንሶት ይሆን? አዲስ እንግዛ ወይ?

መምህርት፣ ኮምፒውተር አይግዙ። ብሩን ለማይክሮፎን ያስቀምጡት።

ጥያቄዎን እንዳነበብኩ የጠረጠርኩት ፍሬም ሬቱን፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ስንት ፍሬም (ሥዕል) እንደሚያልፍ፣ ነው። አፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የዘገየ ቢሆን ሌላ ነገር እፈልግ ነበር። ይሄኛው ግን ልክ ሆኖ ይጀምርና ቀስ በቀስ ይርቃል። በሰከንድ 25 ፍሬም የተሠራ የአንድ ደቂቃ ሥራ 1500 ፍሬም አለው። ያንኑ 1500 ፍሬም በ24 ሲያጫውቱት 62.5 ሰከንድ ይፈጃል። የእርስዎ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይቺ ናት። ብሌንደር አዲስ ፋይል ሲከፈት ራሱ 24 ላይ ነው የሚነሳው፤ ለቴሌቪዥን የሚሠራ ሰው ደግሞ እኛ አገር 25 ነው የለመደው። አንዱ ልጅ በ25 ሠርቷል፤ ሌላው አዲስ ፋይል ከፍቶ እንቅስቃሴውን ብቻ አምጥቶበታል። እንቅስቃሴው ሲመጣ ፍሬም ሬቱ አብሮት አይመጣም።

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ግን ፕሮጀክቱን በሙሉ ኮፒ አድርገው ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። እዚያው ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ።

ከዚያ ያ የተሳበ ድምፅ ይውጣ። ድምፅን ከአፍ ጋር ለማስማማት መሳብ የዘመኑ ትልቁ የጥገና ወንጀል ነው። ድምፁ እውነት ነው፤ አፉ ነው እሱን መከተል ያለበት። መጀመሪያ የተቀዳውን ያስፈልጉ። "በቴሌግራም ልኬልሃለሁ" ካሉ የድምፅ መልእክቱን አይቀበሉ፤ ተጨምቆ የወጣ ነው። እንደ ፋይል ይላኩት። ኤምፒስሪ ከሆነም መጀመሪያው ላይ ትንሽ ባዶ ጊዜ ስለሚጨምር ወደ ዌቭ፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ይቀየር።

አሁን የብሌንደሩን ፍሬም ሬት 25 ያድርጉት። የድሮውን ድምፅ ከታይምላይኑ አጥፍተው ዋናውን እንደገና ያስገቡ። ኪዎቹን፣ ማለትም አፉ በየትኛው ፍሬም ላይ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያዙትን ምልክቶች፣ አይንኩ፤ ለ25 የተሠሩ ስለሆኑ ራሳቸው ይገጥማሉ። የግድ 24 ይሁን የሚል ካለ ዶፕ ሺት በሚባለው የኪዎች ሰንጠረዥ ውስጥ ፍሬም 1 ላይ ቆመው ሁሉንም ይምረጡና በ0.96 ያሳንሷቸው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ኪ ቅርቡ ወዳለው ሙሉ ፍሬም ይጠጋ። ፕሌይባክ የሚለው ውስጥ ገብተው ሲንክ ቱ ኦዲዮን ይምረጡ። ካልመረጡት ደከም ያለ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፍሬም ላሳይ እያለ ይንቀራፈፋል፤ እርስዎም ያልተበላሸ ነገር ሲጠግኑ ይውላሉ።

ወደ ማኘኩ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ፤ የምወደው ቦታ ነው።

ተማሪዎችዎ ወይ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ አፍ ሰጥተዋል፣ ወይ ድምፁን ሰምቶ አፍ የሚመድብ ሩባርብን የመሰለ ነፃ መሣሪያ ተጠቅመው ቅንብሩን ሳይነኩ አስኬደውታል። ሩባርብ ካልነገሩት እንግሊዝኛ እየጠበቀ ነው የሚያዳምጠው። ለሌላ ቋንቋ ፎኔቲክ የሚለው ምርጫ አለው፤ እሱን ማብራት ነው። ያም ሆኖ የሚያወጣው መነሻ ብቻ ነው፤ የቀረውን እጅ ይጨርሰዋል።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። አናባቢው በፊደሉ ቤት ስለሚታወቅ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቅዎታል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ። ራብዕ አገጭን ያወርዳል። ሣልስና ኃምስ ከንፈርን ወደ ጎን ይለጥጣሉ። ሳድስ ብዙ ጊዜ ምንም አፍ አይፈልግም፤ ይዝለሉት። ከተነባቢዎቹ ከውጭ የሚታዩት ጥቂት ናቸው። መ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ ከንፈር ይዘጋሉ፤ ፈ ጥርስን ታችኛው ከንፈር ላይ ያሳርፋል፤ ወ፣ እንዲሁም ቋ፣ ኳ፣ ጓ ያሞጠሙጣሉ። የቀረው ምላስና ጉሮሮ የሚሠራው ነው፤ ተመልካች አያየውም። "አለ" ጠብቆም ላልቶም ቢነበብ ከንፈሩ ላይ ለውጥ የለም።

መጥበቅና መላላት ከንፈር ላይ ሲመጡ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። መስታወት ፊት ቆመው "አባ" ይበሉ። ከንፈርዎ ተጣብቆ ትንሽ ይቆያል። አሁን ሳይጠነቀቁ፣ በወሬ ፍጥነት "አበባ" ይበሉ። ከንፈሮቹ ይቀራረባሉ እንጂ በደንብ አይዘጉም፤ አየሩ በመሃል ያልፋል። በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለ የላላ በ እንዲህ ነው። "ሰበረ" ላይ በ ጠብቋል፤ ይዘጋል፣ ይቆያል። "ይሰብራል" ላይ ላልቷል፤ ዳሰስ አድርጎ ያልፋል። የእርስዎ ስክሪፕት ውስጥ "ገለበጠ" የሚለው ቃል እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ እሱም ይጠብቃል። መ ግን ይጥበቅ ይላላ ሁልጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ ለጠበቀ በ ሦስት ፍሬም ዝግ አፍ፣ ለመ ሁለት፣ ለላላ በ ደግሞ አንድ ፍሬም ጠበብ ያለ ክፍት አፍ ይበቃል። ለሁሉም በ እኩል ዝግ አፍ ከሰጡ ያቺ ልጅ ማስቲካ ስታኝክ ትኖራለች። ከእንግሊዝኛ የተቀዳ የአፍ ሰንጠረዥ ይህን አይነግርዎትም፤ የላላውንም የጠበቀውንም አንድ ሣጥን ውስጥ ነው የሚከተው።

የሚዘጋው አፍ ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ይቅደም። ዓይን የቀደመ አፍን ይታገሣል፤ የዘገየን ግን ወዲያው ይይዛል።

አሁን ወደ ሁለቱ ቡድኖች። "ስክሪፕቱ አንድ ስለሆነ ነው" የሚለው መልስ ግማሹ እውነት ነው። ቃሉ አንድ ከሆነ አፍ የሚዘጋበት ቅደም ተከተል አንድ ይሆናል። በመዝጊያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን አንድ አይሆንም። ሁለት ሰው አንድን ዓረፍተ ነገር በእኩል ፍጥነት አይናገርም። አንዱ ሰው ራሱ ሁለቴ ቢናገረው አይገጥምም። ድምፁን ያጥፉና ፍሬም በፍሬም እየሄዱ ከንፈር የሚዘጋባቸውን ቁጥሮች ለሁለቱም ሥራ ይጻፉ። አሥር መዝጊያ ይበቃል። በመዝጊያዎቹ መካከል ያሉት ርቀቶች ፍሬም በፍሬም ከገጠሙ ኪው የተነሳው ከአንድ ቦታ ነው። የዓይን ጭፍኗም በዚያው ቦታ ከሆነ ጨርሶ አያከራክርም። ከዚያ ድምፁን አብርተው ይመልከቱ፤ አፉ ከየትኛው ቡድን ድምፅ ጋር እንደሚገጥም ባለቤቱን ይነግርዎታል።

ይህን ሲያደርጉም በኮፒው ላይ ይሥሩ። ዋናው ፋይል ማስረጃዎ ነው። በስህተት ሴቭ ካሉበት የተቀየረበት ቀን ይለወጣል፤ ተማሪውም ተከራክሮ ይረታዎታል።

ልጆቹን ከመቅጣትዎ በፊት ግን ያናግሯቸው። ብዙዎቹ ሪግ (ለማንቀሳቀስ የተዘጋጀ የካርቱን አካል) ማውረድና ኪ መገልበጥን አንድ ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። አንድ አይደሉም። ሪግ ፈቃዱ ከፈቀደ ይወሰዳል። ሲሲ ባይ የሚል የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ካለው የሠሪው ስም ይጻፋል። ሲሲ ዜሮ ከሆነ ፈቃዱ ስም አያስገድድም፤ ክፍል ውስጥ ግን እሱም ይጻፍ፤ ምክንያቱም እርስዎ ውጤት የሚሰጡት ተማሪው ለሠራው ነው። የቅጂ መብቱ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሥራ ላይ ጥቅስ ሲወሰድ ምንጩና የባለሥራው ስም እንዲጠቀስ ይፈልጋል። ፈቃድ አለኝ ማለት ስም አልጠቅስም ማለት እንዳልሆነ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡት አይበዛም። ትምህርቱን የሚያስተምሩበት ሶፍትዌር ራሱ ክራክ ከሆነ ግን... ብሌንደር ነፃ ነው፤ ምን ያስቸግራል?

ለቀጣዩ ተርም ከሬንደሩ (ካለቀው ቪዲዮ) ጋር ሌሎች ነገሮችም ይረከቡ። ያልተነካ የድምፅ ፋይል፤ የጠበቀና የላላ በ በእጅ የተለየበት ስክሪፕት፤ ተማሪው ራሱ ሲናገር በስልክ የተቀረጸ የከንፈሩ ቪዲዮ፤ ቁጥር እየተሰጣቸው የተቀመጡ የሥራ ፋይሎች። የገለበጠ ተማሪ የመጨረሻውን ፋይል ያመጣል እንጂ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ከየት ያመጣቸዋል? ፋይሎቹ በሁለት ዲስክ ይቀመጡ ብዬ ደግሜ እለምናለሁ፤ የገበያ ርካሽ ፍላሽ ላይ ብቻ የቆመ የተርም ሥራ ሲጠፋ ብዙ አይቻለሁ።

ፍሬም ሬቱን 25 አድርገው አሁንም አፉ ከዘገየ፣ ግን መዘግየቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ፣ የልጆቹን ጆሮ ይመልከቱ። ርካሽ የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን 0.2 ሰከንድ ቢያዘገይ በ25 አምስት ፍሬም ማለት ነው። ልጁ የሰማውን አምኖ ኪውን አምስት ፍሬም አዘግይቶ አስቀምጦታል። ባለ ሽቦ ማዳመጫ ይሰኩ፣ የአፉን ኪዎች በሙሉ መርጠው አምስት ፍሬም ወደ ግራ ይግፉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የመ ድምፆች ይፈትሹ። ከገጠሙ የቀረው ይገጥማል።