መልስ፦ በየወሩ ትኩሳት፣ ሽፍታና የአፍ ቁስል ለሚመላለስበት ልጅ

አብሽሪ እህቴ። የ3 ዓመቱ፣ 12 ኪሎ የሚመዝነው ልጅሽ በየወሩ ትኩሳት፣ ሽፍታና የአፍ ቁስል እንደሚመላለስበት ጽፈሽ «አንቲባዮቲክ ስሰጠው ይተወዋል» ብለሻል። እዚህ ላይ ጠርጥሪ። በየ3 እስከ 8 ሳምንቱ ተነስቶ ከ3 እስከ 6 ቀን ቆይቶ በራሱ የሚበርድ የትኩሳት ዓይነት አለ፤ አንቲባዮቲኩ ያልሠራበትን ምስጋና ይወስዳል። ሽፍታ ግን የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ስላልሆነ ለሐኪሙ ለይተሽ ንገሪው።

ደብተር ያዢ፦ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን፣ ቴርሞሜትሩ ያሳየው ከፍተኛ ቁጥር፣ ሽፍታው በስንተኛው ቀን የት እንደወጣ። በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ይጠፋል። ሲቢሲ የሚባለው የደም ምርመራ ሲታመምም ሲሻለውም ይሠራለት። ነጭ የደም ሴላቸው በየ21 ቀኑ ገደማ የሚያሽቆለቁል ልጆች አሉ፣ በአንድ ምርመራ አይያዝም። ኮምቦልቻ ስለሆንሽ ወባ ባተኮሰው ቁጥር ይታይለት፤ ከዚያ ደሴ ወዳለ የሕፃናት ሐኪም ሪፈር አጽፊ።

ፓራሲታሞል ለአንድ ጊዜ በኪሎ 15 ሚሊግራም ነው። ሽሮፑ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም» ካለ ለእሱ 7.5 ሚሊ ሊትር፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። በቤት ማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ለኪ። አስፕሪን በፍጹም! አፉ ሲቆስል በርበሬና ሎሚ ይቅርበት፤ እርጎ፣ የበረደ አጥሚት፣ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ። እንጥሉን አስቆርጪው የሚሉሽን አትስሚ፤ ትርፉ መድማትና ማመርቀዝ ነው።

ሽፍታው በብርጭቆ ሲጫኑት ካልደበዘዘ፣ አንገቱ ከተገተረ፣ 8 ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ አልነቃ ካለ ወይም ትኩሳቱ 5 ቀን ሞልቶት ዓይኑና ከንፈሩ ከቀላ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።